ሰዓት ለይቶ መጾምና ውፍረትን መቀነስ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ ዕድር የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበርና ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። ይህ ሥራችን ወደፊትም ይቀጥላል። ነገር ግን ድንኳን የምንተክልበትን ቀን ማራቅ ከተቻለ ከዚያ የበለጠ የዕድር ሥራ የለም ብለን እናምናለን። በዚህም ምክንያት ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርዕስ ሰዓት ለይቶ በመጾም ውፍረትን ስለ መቀነስ ነው።

ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ዛሬ በየቡናው ላይ የሚወራው ይኸው ነው። አንዱ «ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እህል አልቀምስም» ይላል። ሌላዋ «ቁርስ ከተውኩ ቆየሁ» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት የማያድነው በሽታ የለም ብሎ ይምላል። ከሚሰሙት መካከል የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ፤ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ የሚጀምሩም አሉ። ለአንዱ የሚጠቅመው ነገር ሌላውን ሊጥለው ስለሚችል፣ ጥቅሙንም አደጋውንም አብሮ መናገር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። በዕድራችን ውስጥ ሑዳዴን የሚጾምም፣ ረመዳንን የሚጾምም አለ። የሃይማኖት ጾም ለፈጣሪ ነው፤ ትርጉሙን የሚያስተምሩት ካህናትና ሼኾች ናቸው፣ እኛ እዚያ አንገባም። እኛ የምንናገረው ስለ ሥጋው ነው። ሆኖም ሆዳችን አንድ ስለሆነ፣ ለነፍስ ብለን ስንጾምም ሆነ ለወገብ ብለን ስንጾም በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው የሚሆነው? እህል ስንበላ በደማችን ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያወጣና ስኳሩን ወደ ሥራው ይልከዋል። ከዕለቱ ሥራ የተረፈው በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን የሚባለው ስንቅ ነው፤ ጉበት የሚይዘው መቶ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ስብ ነው። የጉበቱን ስንቅ በጓዳ እንዳለ የዱቄት ዕቃ፣ ስቡን ደግሞ በደጅ እንዳለ ጎተራ ቁጠሩት። ዕቃው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል፤ ጎተራው ግን ሲጨምሩበት ዝም ብሎ የሚቀበል ነው።

ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ከጓዳው ያለው እየጎደለ ይሄዳል፤ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ሰውነት ከጎተራው የሚያወጣው እየበዛ ይመጣል። ሰዓት ለይተው የሚጾሙ ሰዎች የሚተማመኑት በዚህ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በስምንት ሰዓት ውስጥ ይበላሉ፣ የቀረውን 16 ሰዓት ይጾማሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እውነት ነው። የሚረሳው ግን ይህ ነው፤ ሌሊት ከጎተራው የወጣው እህል በማግሥቱ ማዕድ ላይ እጥፍ ሆኖ ከተመለሰ ጎተራው አልጎደለም።

ይህንን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በ116 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት የተደረገ ነበር። ግማሾቹ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ፣ ግማሾቹ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲበሉ ተደረገ። ሰዓት የለዩት በአማካይ 0.94 ኪሎ፣ ሌሎቹ 0.68 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በቻይና አገር በጓንጁ ከተማ 139 ወፍራም ሰዎች ለአንድ ዓመት ተጠንተዋል። ሁሉም የምግባቸው መጠን እንዲቀነስ ተደረገ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ሰዓት የተወሰነላቸው 8 ኪሎ፣ መጠን ብቻ የተወሰነላቸው 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው አሉ።

ከሁለቱ የምንማረው ግልጽ ነው። ኪሎ የሚቀንሰው የምግቡ መጠን ሲቀንስ ነው፤ ሰዓቱ በራሱ መድኃኒት አይደለም። ሰዓቱ አጥር ነው። አጥር ከብቱን ከማሳው ያግዳል እንጂ እህሉን አያበቅልም። ለብዙ ሰው ግን አጥር ይጠቅማል። ሳህን እየለኩ፣ ካሎሪ እየቆጠሩ መኖር ለማይሆንለት ሰው «ከዚህ ሰዓት በኋላ አይበላም» ማለት ቀላል ነው። ማታ በወሬ መካከል የሚቃመውን ቆሎ፣ የሚጠጣውን ለስላሳና ቢራ ያስቀርለታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን አጥር ከማንም በፊት የምናውቀው ነን። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55ቱ የሑዳዴ ቀን አለ፣ የፍልሰታ 15 ቀን አለ፣ 29 ወይም 30 ቀን የሚጾመው ረመዳን አለ። እንዲህ ከሆነ ስለምን በጾም ወራት የሚወፍር ሰው እናያለን? መልሱ ያለው ከማፍጠሪያውና ከድስቱ ላይ ነው። ሥጋና ቅቤ ቀርቷል ተብሎ ሽሮው በዘይት ይንሳፈፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ወጡ ላይ አራትና አምስት ማንኪያ ሲንቆረቆር ደግሞ የሚቆጥር የለም። ፓስቲውና ቦምቦሊኖው የጾም ነው፣ ሳምቡሳው የማፍጠሪያ ነው። ሻዩ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፣ እሱም በቀን አምስት ጊዜ። በፋሲካና በዒድ ቀን የሚሆነውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። አጥሩ በቀን ይጠበቃል፣ ማታ ይዘለላል።

አሁን ወደ ረኀቡ እንምጣ፤ ብዙውን ሰው የሚያሸንፈው እሱ ነውና። ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ነው። «ብላ» እያለ ለአእምሮ የሚናገር መልእክተኛ ነው። ዋናው ቁም ነገር መልእክተኛው የሚመጣው በለመደው የማዕድ ሰዓት መሆኑ ነው፤ ባይበላም ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ረኀብ እንደ ማዕበል ከፍ ይልና ዝቅ ይላል እንጂ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ አይደለም። የሑዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት ከብዶ ኋላ የሚቀለው አንዱ ምክንያት ሆድ አዲሱን ሰዓት መልመዱ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ሲመጣ ውሃ መጠጣት፣ ያለ ስኳር ሻይ ወይም ቡና መጠጣት፣ ተነሥቶ ትንሽ መራመድ ይረዳል። እንቅልፍ ማጣት ረኀብን ስለሚያብስ፣ በጊዜ መተኛትም ከጾሙ ተለይቶ አይታይም።

ጤነኛ የሆነና መሞከር የሚፈልግ አባል ቢኖር የምንመክረው ይህንን ነው። በመጀመሪያ ከ12 ሰዓት ይጀምር፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እህል አለመቅመስ ማለት ነው። ይህ ከተለመደ በኋላ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማስረዘም ይቻላል። ሲያፈጥሩ በጣፋጭና በተጠበሰ ነገር አይጀመር። ውሃ፣ ትንሽ ሾርባ፣ ወይም አንድ እፍኝ ንፍሮ ይቅደም። ከዚያ ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ፣ ዘይቱ በማንኪያ ይለካ። ጥራጥሬና አትክልት ሆድ ውስጥ ስለሚቆዩ ረኀቡን ያዘገያሉ። ምግብ ብቻ ቀንሶ የሚቀመጥ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይቀንሳልና እግርን ማንቀሳቀስ፣ ዕቃ ማንሳት፣ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ በጥድፊያ የሚወርድ ኪሎ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ወሬውም አንድ ነገር እንበል። «ሲጾሙ ሰውነት ራሱን ያጸዳል፣ ለዚህም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ሴል የራሱን አሮጌ ክፍል እንዴት እየፈታ መልሶ እንደሚጠቀምበት በማሳየታቸው ተሸልመዋል። ነገር ግን ሥራቸው በዋናነት የተካሄደው በእርሾ ላይ ነበር። ቁርስ የተወ ሰው ከካንሰር ይድናል አላሉም። በዚህ ወሬ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ይጎዳል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጆሮ እንድትሰጡን የምንለምንበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ያለ ሐኪም ምክር መጾም የሌለባቸው ሰዎች አሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ግሊቤንክላማይድና እሱን የመሰሉ የስኳር እንክብሎችን የሚውጡ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ የጨጓራ ቁስል ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ ከስተው የደከሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ውሃ ሲያጣ ሊወድቅ ስለሚችል ይጠይቅ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው አደጋው አነስተኛ ቢሆንም እሱም ይጠይቅ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንሱሊኑና ግሊቤንክላማይዱ ሰውዬው በላ አልበላ አያውቁም፤ ሥራቸው ስኳሩን ማውረድ ነው። እህል ከሌለ ስኳሩ ከ70 በታች ይወርዳል። ምልክቱም ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ቃል መወላገድ፣ ግራ መጋባት ነው። ሰካራም የመሰለ ሁሉ ሰካራም አይደለም። እንዲህ ሲሆን በዚያው ሰዓት ጾሙን አቁሞ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል እህል መብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይደረግለትም፤ ይታነቃልና። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹንም አስቀድሞ ማማከር ነውር የለበትም።

ይህንን በዕድር ስብሰባ ላይ የምንናገረው ለሌላ ምክንያትም ጭምር ነው። ማንም ሳያቅደው የሚጾም ጾም አለ፤ እሱም የሐዘን ጾም ነው። ባሏ የሞተባት እናት፣ ልጁ የሞተበት አባት ሁለት ቀን ሙሉ እህል ይገፋሉ። እኛም ከበን «እሺ በይ እንጂ» ብለን እንለምናለን እንጂ መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ብለን አንጠይቅም። መርፌዋን ወግታ እህል የገፋች ሐዘንተኛ ብትዝለፈለፍ፣ «ሐዘኑ ከብዷት ነው» ብለን ውሃ እንረጫለን። ምናልባት ያስፈለጋት ሦስት ማንኪያ ስኳር ሊሆን ይችላል። አንዱን ቀብረን ሳንመለስ ሌላ ጡሩምባ እንዳይነፋ፣ ይህን ማወቅ የዕድርተኛ ሁሉ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለጉባዔው ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ከቤተ ዘመድና ከቅርብ ጎረቤት አንድ ሰው ተመርጦ ሐዘንተኛው መድኃኒት የሚወስድ መሆኑን እንዲጠይቅና በሰዓቱ እህል እንዲያቀምስ። ሁለተኛ፣ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ጥቂት ስኳርና የመጠጥ ውሃ በንብረት ክፍላችን ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ እንዲኖር። ሦስተኛ፣ ለእዝን በምንይዘው ምግብ ላይ ዘይቱ እንዲቀንስ፣ ንፍሮው እንዲበዛ፣ ሻዩም ያለ ስኳር ቀርቦ ስኳሩ ለብቻው እንዲቀመጥ። ከሁሉም የሚፈለገው ወጪ ከአንድ ሰው የወር መዋጮ የሚበልጥ አይመስለንም።

ለማጠቃለል፣ ሰዓት ለይቶ መጾም ለጤነኛ ሰው ጥሩ አጥር ነው፤ የማዕዱን መጠን ካልቀነሰ ግን ኪሎ አይቀንስም። መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ደግሞ በሐኪም ካልተመራ አደጋ ነው። ወገቡን ለማሳጠር የሚፈልግ ሁሉ በጊዜ ይብላ፣ በልክ ይብላ፣ ይራመድ። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ከመጾሙ በፊት ይጠይቅ።

ያቀረብናቸው ሦስት ሐሳቦች እንዲወያዩባቸውና ውሳኔ እንዲሰጥባቸው ለጉባዔው ትተናል።