በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ የሕፃናት ማቆያ በኮሌራ ወቅት

(በካምፑ ሬዲዮ የተላለፈ የጤና ትምህርት)

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ኮሌራ በገባ ጊዜ የሕፃናት ማቆያዎች እንዴት በጥንቃቄ መሥራት እንደሚችሉ ነው። ኮሌራ በሀገራችን ብዙ ጊዜ አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ እየተባለ ሲነገር የሰማችሁት በሽታ ነው።

ከመካከላችሁ ከካርቱም የመጣችሁ አላችሁ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከመጀመሩ በፊት በካርቱም ሻይ የምትሸጥ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትወጣ ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ ክፍል፣ አምስት ስድስት ልጆች፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፤ ማቆያ ማለት ይኸው ነበር። እዚህ ካምፕ ያለውም ከዚያ ብዙ አይለይም።

በካርቱም የደረሰውን እናስታውስ። የሱዳን ጤና ሚኒስቴር የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ነው። በግንቦት 2025 የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በድሮን ተመቱና የውሃ ማጣሪያዎች ሥራ አቆሙ። ሕዝቡ ያገኘውን ውሃ ለመጠጣት ተገደደ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ሚኒስቴሩ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ2,700 በላይ ሰዎች እንደታመሙ፣ 172 ሰዎችም እንደሞቱ ገለጸ። አብዛኞቹ ሕሙማን የተገኙት በካርቱም ግዛት ነበር። በሰኔ 2025 በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀመረ። ክትባቱ ሲመጣ ልጆቻችሁን አስከትቡ፤ ነገር ግን ክትባት የንጹሕ ውሃንና የሳሙናን ቦታ አይተካም።

ከዚህ የምንማረው ኮሌራ ውሃን ተከትሎ እንደሚሄድ ነው። በማቆያ ውስጥ ደግሞ ልጆች በአንድ ኩባያ ይጠጣሉ፣ በአንድ ሳህን ይበላሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ውሃ። ልጆች የሚጠጡት በክሎሪን የታከመ ወይም የፈላ ውሃ ብቻ ይሁን። ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ክዳን ባለው ጀሪካን አስቀምጡና እየቀዳችሁ ስጡ። በሱዳን በየደጁ እንደሚቆመው ዚር ሁሉም ኩባያውን እየነከረ የሚጠጣበት ዕቃ ለማቆያ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ እጅ። አባቶቻችን እንግዳን በማስታጠቢያ ያስታጥቡ የነበሩት ውሃ እያፈሰሱ ነው። ልጆችንም እንደዚሁ እያፈሰሳችሁ በሳሙና አስታጥቡ፤ ሁሉም በአንድ ሳፋ እጁን አይንከር። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ መታጠብ ግዴታ ነው። ተንከባካቢዋም ምግብ ከማዘጋጀቷ በፊትና ሕፃን ካጸዳች በኋላ ትታጠብ።

ሦስተኛ፣ ዓይነ ምድር። «የሕፃን ነው፣ ምንም አይልም» የሚባለው ስሕተት ነው። የታመመ ሕፃን ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው ያስተላልፋል። ፖፖው ወዲያውኑ መጸዳጃ ቤት ይደፋ፣ ይታጠብም። ተቅማጥ ወይም ትውከት የነካውን ወለል 5 በመቶ ክሎሪን ባለው በረኪና አጽዱ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና አሥር ደቂቃ አቆዩት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ልጆች ከማይደርሱበትም አስቀምጡት።

አራተኛ፣ የታመመ ልጅ። ልጁ እንደ ሩዝ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ከጀመረው እናቱ እስክትመጣ አትጠብቁ። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከሌሎቹ ለይታችሁ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ አጠጡት። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ላለው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ስጡ። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ፓኬት ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ ሆነው፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣሉ። ጨው አታብዙ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል።

ይህን እየሰጣችሁ ሌላ ሰው ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። ዓይኑ የሰረጎደ፣ የፈዘዘ፣ መጠጣት ያቃተው ልጅ ከሆነ አንድ ደቂቃም አትዘግዩ፤ በመንገድም መጠጣት እስከቻለ ድረስ አጠጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ የምታውቅ እናት ሌሊቱን ሲያስቀምጠው ያደረውን ልጇን ጠዋት አጣጥባ ወደ ማቆያ ልታመጣው ትችላለች። ለምን? ካልሠራች የዕለት እንጀራ የለም፤ ብትናገር ደግሞ «መልሺው» ትባላለች። ተንከባካቢዋም እንዲሁ የታመመ ልጅ እያለባት ቤቱ እንዳይዘጋባት ዝም ልትል ትችላለች። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ችግር ይዟቸው ነው። ይሁን እንጂ የተደበቀው አንድ ልጅ ሌሎቹን ሁሉ ያስይዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ ተሰብሰቡና ቃል ተግባቡ። እውነቱን የተናገረች እናት ቦታዋን አታጣም፤ ልጇ ቤት ለዋለበት ቀንም አትከፍልም። ጎረቤቶቿ በየተራ ውሃዋን ይቅዱላት፣ ራሽኗን ያምጡላት። ልጁ የሚመለሰው ተቅማጡ ከቆመ ሁለት ሙሉ ቀን ሲያልፍና የጤና ባለሙያ ሲፈቅድ ነው። ተንከባካቢዋ ራሷ ብትታመም የምትተካት ሴት ከወዲሁ ትታወቅ። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ የመጠለያው ቁጥርና እናቱ የምትውልበት ቦታ በደብተር ይጻፍ፤ በየጠዋቱም «ሌሊቱን እንዴት አደረ?» ተብሎ ይጠየቅ። ማቆያው ለጊዜው ይዘጋ ብለው የጤና ሠራተኞች ከወሰኑ እሺ በሉ፤ ያን ጊዜም ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚውሉ አብራችሁ ተማከሩ፤ ብቻቸውን ወንዝ ዳር እንዳይውሉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማታ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ስለዚህ ተነጋገሩ። ማንበብ ለማይችሉም ይህን ወረቀት አንብቡላቸው።