ከጉዞ በፊት ጃፓንኛን መማር፦ አማርኛ የሚያግዘንና የሚያሳስተን



ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጽፈው አቆይተውልናል። ዛሬም የጃፓን መንግሥት በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ወደዚያ የሚሄዱ ወጣቶች አሉን። ንግግሬ በተለይ ለእነርሱ ነው።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ጃፓንኛ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ይኖራል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው መኖሪያ በያዘ በ14 ቀናት ውስጥ አድራሻውን በከተማው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። የቤት ኪራይ ውል፣ ሕክምና፣ ቆሻሻን በየዓይነቱ ለይቶ በተወሰነለት ቀን ማውጣት፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚከናወነው በጃፓንኛ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይጀምርም። በጃፓንኛም ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። «ሚዙ ኦ ኖሙ» ማለት «ውኃ ይጠጣል» ማለት ነው፤ «ኦ» የምትለው ቃል እንደ እኛ «ን» ተሳቢውን ተከትላ ትመጣለች። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ገላጩ ከስሙ እንደሚቀድም ሁሉ፣ በጃፓንኛም እንዲሁ ይቀድማል።

ጆሯችንም የሠለጠነ ነው። «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ እንደሚለያይ እናውቃለን። በጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ ደግሞ የፖስታ ቴምብር ነው።

አደጋው ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ የጃፓንኛን ቃል በፊደላችን ጽፎ ያጠናል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ሁለቱም «ኪቴ» ይሆኑበታል። የአናባቢ ርዝመትም እንዲሁ ይጠፋል፤ አክስትም አያትም «ኦባሳን» ተብለው ይጻፋሉ፤ ልዩነታቸው ግን በአያት ላይ «ባ» መርዘሙ ነው። ጥብቀትን ጆሯችን ይለየዋል፤ የአናባቢን ርዝመት ግን አማርኛ አላስተማረንም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሂራጋናንና ካታካናን መማር ይገባል። እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው፤ እንደ ፊደላችን ድምፅን በቀለም በቀለም ስለሚጽፉ፣ ፊደል ለቆጠረ ሰው የሚከብዱ አይደሉም። ካንጂ ግን የረጅም ጊዜ ሥራ ነው፤ ለዘወትር አገልግሎት የተወሰኑት ብቻ 2136 ናቸው። ከጉዞ በፊት ሁሉን ለመጨረስ ከመጣደፍ ይልቅ በጽሕፈት ቤት፣ በባቡር ጣቢያና በሐኪም ቤት የሚያጋጥሙትን ማስቀደም ይበጃል።

በመጨረሻ ስለ አክብሮት ላንሣ። «መጣ» እና «መጡ» የሚለውን የሚለይ ሰው ለጃፓንኛ አንቱታ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን እኛ የምናከብረውን ሰው ከፍ እናደርጋለን፤ ጃፓኖች ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸውን ወገን ዝቅ ያደርጋሉ። የሌላው ሰው መምጣት በአክብሮት ግስ «ኢራሻሩ» ሲባል፣ የራስ መምጣት በትሕትና «ማይሩ» ይባላል። እኛ በእንግዳ ፊት «አባቴ መጥተዋል» ማለትን ጨዋነት እናደርገዋለን፤ በጃፓን ግን በውጭ ሰው ፊት የገዛ አባትን በአንቱታ መጥራት ነውር ነው፤ «ቺቺ» ተብሎ ያለ ማዕረግ ይጠቀሳል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ሰዋስው ሳይሳሳት ጨዋነት ሊጎድለው ይችላል።

እንግዲህ የምትሄዱ ልጆቻችን፣ አማርኛችሁን መሰላል አድርጉት፤ መለኪያ ግን አታድርጉት።