የምስክር ምስጢርና የሕዝብ ዕውቀት

(ወረታ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን በአውጫጭኝ ወንጀል ሲመረምሩ የጠቋሚውን ስም ይሰውሩ ነበር፤ ምርመራ መኖሩን ግን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለ ሥልጣኖችን ከሰሰ። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት የጀመረው ዋናው ክስ ፍርድ ያገኘው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ የልጇን ደም ፍርድ የምትጠብቅ እናት ብትኖር፣ መዝገቡ ስለ ምን እንደ ዘገየ ማን ይነግራት ነበር?

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲቋቋም ያመለክታል። እንግዲህ ይህ መሥሪያ ቤት የምስክሩን ስም ይጠብቅ፤ የቀጠሮውን ቀንና የመዘግየቱን ምክንያት ግን በየወረዳው በገበያ ቀን ያስነግር። ዐቃቤ ሕግ ዝም ባለ ቁጥር በእርሱ ፈንታ ሐሜት ይናገራልና።