ከሂሳብ መዝገብ ወደ ፋይበር መስመር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ሙያ ስለ መቀየር ተናገሩ» ሲለን ሦስት ሆነን ተመካከርን። ሦስታችንም የአንድ የቁጠባ ቡድን አባላት ነን። አንዷ የዚህ ማኅበር ሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ዛሬም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገባችሁን የምትይዘው፣ ይህን ጽሑፍም የምታነብላችሁ እሷው ናት። ሁለተኛዋ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ሦስተኛዋ ጥልፍ ሠራተኛ ናት፤ ብዙዎቻችሁ የሀገር ልብሳችሁን በእሷ እጅ አስጠልፋችኋል። ከሁለት ዓመት በፊት ከተዘዋዋሪ ፈንዱ እያንዳንዳችን 30,000 ብር ተበድረን የቴሌኮም የመስክ ሥራ ለመማር ተነሣን። ዛሬ ሁለታችን ሥራው ላይ ነን፤ አንዳችን ግን የለችበትም። የመጣነው በተለይ ስለዚህ ልንነግራችሁ ነው።

ለምን ሙያ ቀየራችሁ ትሉን ይሆናል። ምክንያታችን ትልቅ ሕልም አልነበረም፤ ኑሮ ነው። በኮሌጅ ዲፕሎማ ሂሳብ እየሠሩ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት መክፈል እየከበደ መጣ። በሌላ በኩል በግንቦት 2013 ለሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ። በከተማችን በአዳማም ገመድ የሚዘረጉ ሠራተኞችን በየሰፈሩ እናይ ጀመር። አንድ ቀን ጥልፍ ሠራተኛዋ ጓደኛችን መንገድ ዳር ቆማ ሲሠሩ ስትመለከት ቆየችና «ይሄ እኮ ክር ነው» አለችን። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

ቅዳሜና እሁድ ለአራት ወር ተማርን። ብርሃኑ የሚያልፍበት የመስታወት እምብርት ውፍረቱ 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከራስ ጠጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። በአንድ ቱቦ ውስጥ 12 ክሮች በ12 ቀለም ይደረደራሉ፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ እያለ ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ የአንዱ ደንበኛ መስመር ለሌላው ይሄዳል። እንጀራ እየጋገርን፣ ታክሲ እየጠበቅን ሸመደድነው። ክሩ ይላጣል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ጫፉ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ከዚያ በማሽን ቀልጦ ከሌላው ጋር ይገጣጠማል። በመገጣጠሚያው ላይ የሚባክነው ብርሃን ከ0.1 ዴሲቤል በታች ከሆነ ጥሩ ነው። በክፍላችን በመጀመሪያው ሙከራ ማሽኑ 0.02 ያሳየላት ጥልፍ ሠራተኛዋ ነበረች። መምህሩ እንኳ ደግመሽ አሳዪኝ ብሏታል።

ሂሳብ ለለመደ ሰውም ሥራው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ብርሃንም ገቢና ወጪ አለው። ከማዕከሉ ይህን ያህል ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ0.4 ዴሲቤል ያነሰ ይቀንሳል፤ ብርሃኑን ለ32 ደንበኛ የሚያካፍለው ስፕሊተር ብቻውን 17 ገደማ ይወስዳል። ተደምሮና ተቀንሶ ደንበኛው ቤት መድረስ ያለበት ቁጥር አስቀድሞ ይታወቃል። አንድ ቀን አንድ ሱቅ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ አስቸገረ። የሥራ ባልደረቦቻችን ራውተሩ ይቀየር አሉ። በእኛ ስሌት መድረስ የነበረበት ኔጌቲቭ 19 ነው፤ መለኪያው ግን ኔጌቲቭ 26 አለ። 7 ዴሲቤል የት ገባ? ለ7 ብር ጉድለት አምሽተን ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነንና ገመዱን በእጃችን እየዳሰስን ተከተልነው። የሱቁ መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ አጥፎታል። ፋይበር ክፉኛ ከታጠፈ ባይሰበርም ብርሃኑ ይፈስሳል። መደርደሪያውን ስበን ገመዱን ስናዘረጋው ቁጥሩ ተመለሰ። ራውተር አልተገዛም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብንል ግን እንዋሻለን። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠን የደኅንነት ጫማ ቁጥሩ 43 ነበር፤ የታወር መውጫ ቀበቶውም ለወንድ ትከሻ የተሠራ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ነፋሱ ሲበረታ ታወር ላይ አይወጣም፣ እስኪበርድ ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲያየን «ሠራተኛው የት አለ?» ይለናል። ሰፈር ውስጥ «ኢንጂነሯ» እያሉ ይጠሩናል፤ ወረቀታችን ግን የሚለው ቴክኒሻን ነው። ለኢንጂነርነት ገና ዲግሪ ይቀረናል፤ አንዳችን በማታው ክፍለ ጊዜ ጀምራለች።

አሁን ስለ ጓደኛችን እንናገር። ፈቅዳልናለች፤ እዚሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ተቋራጭ ለአራት ወር በልምምድ ወሰደን። ክፍያው የቀን አበል ብቻ ነው። መስመር ሲበጠስ ሌሊትም ይደወላል፤ ወለንጪቲ ወይም መተሐራ ድረስ ተሂዶ ጠዋት ይገባል። የእሷ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቷ ይይዙላት ነበር፤ በሁለተኛው ወር እትዬ ታመው አልጋ ያዙ። ባለቤቷ ከከተማ ውጭ ይሠራል። ጥቂት ቀን ጎረቤት ጋ፣ ጥቂት ቀን እኛ ጋ አደረገችው። በሦስተኛው ወር ሁለት ጊዜ ሌሊት ተደውሎላት መውጣት አልቻለችም። በሦስተኛው «አትምጪ» ተባለች። ታወሩ አላስፈራትም፣ ትምህርቱም አልከበዳትም። ከሦስታችን የተሻለው እጅ የእሷ ነበር።

እዚህ ላይ ሂሳብ ሠራተኛዋ መናገር ያለባት ነገር አለ። ለአጋሮቻችን የቀረበውን በጀት ያዘጋጀነው እኛው ነን። የሥልጠና ክፍያ አለበት፣ የብቃት ምዘና አለበት፣ የመሣሪያና የትራንስፖርት አለበት። የምርቃት ፎቶ ሳይቀር አለበት። ልጅ የሚይዝ ሰው የሚከፈልበት መስመር ግን የለበትም። ማን ከለከለን? ማንም። «እሱ የቤት ጉዳይ ነው» ብለን ራሳችን አልጻፍነውም። በሰፈራችን ልጅ ለመያዝ በወር 2,500 ብር ይበቃ ነበር፤ ለአራት ወር 10,000 ብር ነው። ያንን 10,000 ስላልጻፍን 30,000ው ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። እሷ ግን ከጥልፍ ገቢዋ እስከ ዛሬ 13,000 ብር መልሳለች።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለሚቀጥለው ዙር በእያንዳንዷ ሠልጣኝ በጀት ውስጥ የልጅ መያዣ ወጪ በብድር ሳይሆን በድጋፍ ይካተት። ሁለተኛ፣ የብድር መመለሻው ሥልጠናው ሲያልቅ ሳይሆን የመጀመሪያው ደመወዝ ሲከፈል ይጀምር። ሦስተኛ፣ ጓደኛችን በሚቀጥለው ዙር ወደ ልምምዱ እንድትመለስ ይህ ድጋፍ ለእሷም ይፈቀድላት። ዕዳዬ ይሰረዝልኝ አላለችም፤ እኛም አንልላትም፣ ትቆጣናለች።

ይህን ሙያ ለምታስቡ እህቶች አንድ ምክር አለን። መብታችሁን አውቃችሁ ግቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በልካችን የሆነ ጫማ ያገኘነውም ከዚያ በኋላ ነው።

አጋሮቻችን፣ የሰጣችሁት ገንዘብ ሁለት ቤት አቁሟል፤ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ «ሦስት» ብለን መጻፍ እንፈልጋለን። ጉዳዩ ዛሬ ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። ጥያቄ ያላት በሻይ ሰዓት ታናግረን።