ክረምትና ባጀት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የታዘዝሁት ርእስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በሳይንሳዊ ምርምር ለማሳተፍ ስለሚሰጥ የገንዘብ ድጎማ ነው። ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ አንድ አካባቢ ብቻ ይዤ መናገርን መርጫለሁ፤ ይኸውም ሰቆጣና በዙሪያዋ ያለው የዋግ ኽምራ ምድር ነው።

ይህ አገር የተከዜ ተፋሰስ አካል ነው። ዝናቡ አጭርና ተለዋዋጭ፣ መሬቱም ተዳፋትና የተራቆተ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለማስወገድ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ኪዳን በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ቃል ኪዳኑ ከጤናና ከእርሻ ጋር ውኃንም ያቀፈ ነው፤ ውኃው ደግሞ የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው።

በዝቋላ ወይም በአበርገሌ ትንሽ የአፈር ግድብ እንዲሠራ የታዘዘ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከተፋሰሱ በዓመት ምን ያህል ጎርፍ ይወርዳል? ጎርፉስ ምን ያህል ደለል ይዞ ይመጣል? በትንንሽ ወንዞች ላይ መለኪያ ስለማይገኝ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ጣቢያ ወይም ከባዕድ አገር ቀመር የተዋሰ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማራና በትግራይ ከተሠሩት ትንንሽ ግድቦች መካከል በርከት ያሉት ከታሰበው ዘመን ቀድመው በደለል መሞላታቸው ወይም የታሰበውን ያህል ውኃ አለመያዛቸው በሙያችን ዘንድ የታወቀ ነው። ነዳፊዎቹ ሙያቸውን አያውቁም ለማለት አልደፍርም፤ የልኬት መዝገብ ግን በእጃቸው አልነበረም።

ይህን መዝገብ ለማዘጋጀት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የዝናብ መለኪያ፣ ወንዙ ዳር የተተከለ ባለ ምልክት ዘንግ፣ ውኃ መቅጃ ጠርሙስ፣ ማጥለያ ወረቀትና ሚዛን ይበቃል። በበጋ የግድቡ ውኃ ሲጎድል ደግሞ ደለሉን እስከ ቀድሞው ወለል ድረስ ቆፍሮ ውፍረቱን መለካት ይቻላል። የሚቸግረው በየዕለቱ በቦታው የሚገኝ ሰው ማግኘት ነው። ለዚህ የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ይልቁንም ኽምጣና የሚናገር የአገሩ ልጅ ከሆነ፣ ገበሬው ያለፈው ዓመት ጎርፍ የት ድረስ እንደ ወጣ በጣቱ ያሳየዋል።

ዋናው እንቅፋት እዚህ ላይ ነው። የዋግ ዝናብ በአብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው ጊዜ የሚዘጉትም ያን ጊዜ ነው። የመንግሥት ባጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ቀን ቢጀምርም ገንዘቡ ተደልድሎ ከሠራተኛው እጅ እስኪደርስ ክረምቱ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ጎርፉ በሚወርድበት ሰሞን ተማሪው ቤቱ ነው፣ መምህሩ ዕረፍት ላይ ነው፣ ገንዘብ ያዡም ሒሳብ ይዘጋል። ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን በበጋ፣ ወንዙ ሲደርቅ ይጀምርና ያንኑ የተዋሰ ቁጥር መልሶ ይዋሳል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1969፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም በ1987 (ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን በምርምር የሚያሳትፉ ፕሮግራሞች አቋቁመዋል። የፋውንዴሽኑ ልብ ሊባል የሚገባው አበሉ ለተማሪው ለራሱ መከፈሉና ሥራውም በአብዛኛው በዕረፍት ወራት መሆኑ ነው። ተማሪን ወደ ገጠር መላክ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ልኳል። ዶክተር አክሊሉ ለማም የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያስተዋሉት ዓድዋ ወርደው፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቆመው ነው።

የተማሪ ልኬት አይታመንም የሚሉ አሉ። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ዘንግ በየራሳቸው ደብተር ቢያነቡ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሌላው ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። ሰቆጣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በክልሉ ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሁሉ ሰላም ሆኖ አልቆየም። ስለዚህ ከሩቅ ማንም አይላክ። ድጎማው ለክረምት ዕረፍት ወደ ወላጆቹ ለሚመለሰው የአካባቢው ተማሪ ይሁን፤ መንገዱ ካላስተማመነም ይቅር።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከአባልነት መዋጮ ጥቂት ተቀንሶ የተማሪው አበል፣ መጓጓዣና ጠርሙስ እስከ ሰኔ 15 ቀን ይከፈል፤ ሪፖርቱ በጥቅምት ይቅረብ። አንድ ክረምት ብቻውን ምንም ስለማያስረዳ ያው ቦታ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይለካ። የደለሉን ናሙና ለማድረቅና ለመመዘን ከሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር እንነጋገር። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ዝናብ ያልጣለበት ቀንም በባዶ አይታለፍ፤ ዜሮ ይጻፍበት።