ሰሌዳውን ማወቅና ሰውን ማወቅ

(በእንፍራንዝ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ በሚገኝባት በእንፍራንዝ መሰብሰባችን፣ የመኳንንቱን የጥንት ጨዋታ፣ ሰንጠረዥን አሳስቦኛል። የሰንጠረዥ መጀመሪያ «ወረራ» ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ባላጋሮች በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። ዐዋቂው ተጫዋች ዐይኑን ከባላጋራው እጅ ሳይነቅል፣ የእርሱን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጥ ነበር።

ዛሬ ግን ባላጋራን ሳያይ የሚጫወት ዐዋቂ መጥቷል። ዳይስ እየተጣለ በሚደረገው ባክጋመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የሐንስ በርሊነር የኮምፒዩተር ፕሮግራም የዓለሙን ሻምፒዮን ሉዊጂ ቪላን በሞንቴ ካርሎ 7 ለ 1 አሸነፈ። በርሊነር ራሱ ጨዋታውን በኋላ መርምሮ፣ የተሻለ የተጫወተው ቪላ መሆኑን፣ ዳይሱም ለፕሮግራሙ ማድላቱን አልሸሸገም። በ1990ዎቹ ግን የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ጄራልድ ቴሳውሮ ያዘጋጀው፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረ ፕሮግራም ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ጋር ለመተካከል በቃ፤ ሊቃውንቱም ከእርሱ ተምረው አንዳንድ የአከፋፈት ልማዳቸውን ለወጡ።

እንግዲህ ሰውን ማየት ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። የኮምፒዩተሩ ፍርድ ባላጋራው ሳይሳሳት ይመልሳል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። በባክጋመን አንዱ ወገን ውርርዱ በእጥፍ ይሁን ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ይቀበላል ወይም ጨዋታውን ይለቃል። በመሠረቱ ከ4 ጨዋታ 1 የማሸነፍ ተስፋ ያለው ሰው መቀበል ይገባዋል። ፈሪው ግን ይህ ተስፋ እያለው ይለቃል፤ ደፋሩ ሳይኖረውም ይቀበላል። ስለዚህ ፈሪውን ቀደም ብሎ፣ ደፋሩን ዘግይቶ መጠየቅ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ከትክክለኛው እርምጃ መራቅ ዋጋ አለው። አንድ ወጥመድ ቢታወቅብን 2 ነጥብ የሚያሳጣን፣ ቢሳካልን 10 ነጥብ የሚያስገኝልን ቢሆን፣ ባላጋራችን ከ6 ጊዜ ከአንድ በላይ ካልተሳሳተ ትርፍ የለንም። ዋጋውን ለማወቅም አስቀድሞ ትክክለኛውን እርምጃ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው የሰውየውን ስሕተት በቅንነት መገመት ነው። በወጣትነቴ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ገበጣ ስጫወት፣ የማያውቁ መስለውኝ ተራ ወጥመድ አኖርሁላቸው። እርሳቸው ግን ጠጠሩን በጣታቸው እንኳ ሳይቆጥሩ፣ በዐይናቸው ብቻ አይተው ጉድጓዶቼን ባዶ አደረጓቸው። ለካስ የመዘንሁት ጨዋታቸውን ሳይሆን ጋቢያቸውን ኖሯል!

ስለዚህ፣ ክቡራን፣ የሰሌዳውን እውነት ከኮምፒዩተሩ ለመማር አንፈር። የባላጋራችንን ጠባይ ግን እንደ ወረራው ዘመን እጁን እያየን እንወቅ፤ ያላየነውን ድካም አንቁጠርበት። ባላጋራውን የናቀ ሰው ሒሳቡን የሚጀምረው ከስሕተት ነውና።