እሁድ ማታ በሦስት ሰዓት



አዘጋጆቹ እንደነገሩኝ ዛሬ ጋውን ከለበሳችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ የተመረቃችሁት በአካውንቲንግ፣ በፋይናንስና በማኔጅመንት ነው። ቀን እየሠራችሁ ማታ የተማራችሁም አላችሁ። ከእናንተ ውስጥ ከአምስት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጥሩ ደሞዝ እያገኘ ሳለ፣ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ይኖራል። ዛሬ መናገር የምፈልገው ለዚያ ሰውና ለቤተሰቡ ነው።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እዚሁ ዋሽንግተን ሰባት ዓመት በኦዲተርነት ሠርቻለሁ። ኦዲተር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ፀሐይ የምትታየው በመስኮት ነው። አንድ ድርጅት ኦዲተር ሲቀይር የሂሳብ መግለጫው አቀራረብ አብሮ ይለወጥ ነበር። ሥራው ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። ታዲያ ለምን? አለቃዬን ብጠይቀው «ይሄ የፕሮፌሰሮች ጥያቄ ነው፤ ፋይሉን ጨርሺ» አለኝ። ፋይሉን ጨረስኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት መጣ።

ለእናቴ «ሥራዬን ለቅቄ ዶክትሬት ልማር ነው» ስላት ልትጠጣው የነበረውን ቡና ረከቦቱ ላይ መለሰችው። «ልጄ፣ ሰው ተምሮ ሥራ ይይዛል እንጂ ሥራ ይዞ ወደ ተማሪነት ይመለሳል?» አለችኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ገንዘብ እየተቀበለች ነው። የደሞዜ ቼክ ለእሷ የእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ መልስ ነበር። ስለዚህ አልፈረድኩባትም።

ያኔ በደንብ ላስረዳት ያልቻልኩትን ዛሬ ለእናንተ ላስረዳ። ሕግ ወይም ሕክምና የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ዕዳ ውስጥ ይገባል። የሙሉ ጊዜ የቢዝነስ ፒኤችዲ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ራሱ ይሸፍናል፤ ለተማሪው የወር መተዳደሪያም ይሰጠዋል። ገንዘቡ ከደሞዝ በእጅጉ ያንሳል፤ ቢሆንም የቤት ኪራይ ይከፍላል። ትምህርቱ አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ያህል ኮርስ ነው፤ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና ይመጣል፤ ቀሪው ጊዜ የመመረቂያ ጥናት ነው። ማስተርስ የሌለውንም የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። ተማሪው ራሱ እየከፈለ ከሥራ ጋር ጎን ለጎን የሚሰጥ ዶክትሬትም አለ፤ ነገር ግን በምርምር ዩኒቨርሲቲ ቋሚ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቃን የት እንደተቀጠሩ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቁ ገብተው የተቆጩ አውቃለሁ።

እንግዲህ ገንዘቡ ይቻላል። እኔን ሊጥለኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው። በሥራ ቦታዬ ሰው ምክር የሚጠይቀኝ ነበርኩ፤ ክፍል ስገባ ግን ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንሱ፣ በሒሳብ የሚበልጡኝ ልጆች መሃል ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ዓመት አጠቃላይ ፈተናውን ወደቅኩ። አማካሪዬ በሩን ሳይዘጋ «ምናልባት አንቺ ለሥራው ዓለም ነሽ» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙ።

ያተረፈችኝ ስልክ ናት። በሌላ ግዛት የምትማር፣ በአንድ ዓመት የምትቀድመኝ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ዘወትር እሁድ ማታ በሦስት ሰዓት ትደውልልኝ ነበር። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ገጽ ጻፍሽ?» ዜሮ ገጽ ያልኳት ሳምንትም እኮ አለ። በሚቀጥለው እሁድም ደወለች።

ያገናኘን ዘ ፒኤችዲ ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት ነው። በኬፒኤምጂ ፋውንዴሽን መሪነት በ1994 ተጀመረ። ያን ጊዜ በመላው አሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የነበሩት ጥቁር፣ ሂስፓኒክና የአሜሪካ ነባር ተወላጅ ፕሮፌሰሮች 300 አይሞሉም ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከ1,500 በላይ ሆነዋል። መሥራቾቹ ያሰቡት ቀላል ነገር ነው። ተማሪው ከፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ላይ ራሱን ካየ ሙያውን ይመርጣል። ስለዚህ ከባንክና ከኦዲት ድርጅት ሰዎችን ጠርተው የፕሮፌሰርነትን መንገድ አሳዩአቸው፤ የገቡትንም በአካውንቲንግ፣ በፋይናንስ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ በማኔጅመንትና በማርኬቲንግ እየከፋፈሉ እርስ በርስ አደራጇቸው። እሁድ ማታ የሚደወለው ስልክ ከዚያ የተገኘ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቁር የሂሳብ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ስልክ አልነበራቸውም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ሲፒኤ፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ፣ ጆን ክሮምዌል የዚችው የዋሽንግተን ሰው ነው፤ ዳንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1921 ፈቃዱን ያገኘው እስከ ኒው ሀምፕሻየር ሄዶ ነው፤ ምክንያቱም ያ ግዛት በሌላ አካውንታንት ሥር የተሠራ ልምድ አይጠይቅም ነበር። ጥቁር ሰው ያንን ልምድ ማን ይሰጠዋል? ላርዜት ሄል ደግሞ ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች የኦክላሆማ ልጅ ናት። በ1955 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ዶክትሬት ስትይዝ፣ ሲፒኤም ዶክተርም የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። አጠቃላይ ፈተናዬን ለሁለተኛ ጊዜ ስገባ የእሷን ስም ማስታወሻዬ ሽፋን ላይ ጽፌ ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። በ2025 የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከዚህ ድርጅት ጋር በሠሩ 45 ዩኒቨርሲቲዎች ላይ፣ ዘርን መሠረት ያደረገ አሠራር ነው በሚል፣ ምርመራ ከፈተ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት አባልነቱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተለዩት። በዚህ አዝኛለሁ፤ ማዘኔንም አልደብቅም። ሥራ ለቅቆ ዛሬ ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ላያገኝ ይችላል።

ነገር ግን እናንተ እድር አላችሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ጥላችሁ፣ ተራ ገብታችሁ የምታድሩ ሰዎች ናችሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዶክትሬት ሲጀምር «መቼ ነው የምትጨርሺው?» የሚለውን ጥያቄ ለአምስት ዓመት ተዉት። ልጅ ያላት ተማሪ ከሆነች ፈተና ባለባት ሳምንት ልጆቿን ውሰዱላት፤ እናቴ ኋላ ላይ ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እቁብ የምትጥሉ ደግሞ፣ አንድ አባል ደሞዙን ትቶ ሊማር ሲነሳ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሱ ስጡት፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው የሚከብዱት።

የእኔን ድርሻ ደግሞ ዛሬውኑ ልጀምር። ከመድረኩ ስወርድ ኬኩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ ደብተርም ይዣለሁ። ዶክትሬት ያሰበ፣ ዘንድሮም ይሁን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ስሙንና ስልኩን ይጻፍልኝ። እሁድ ማታ በሦስት ሰዓት እደውላለሁ።